ያልተጠበቀው የምጽዋ ባልንጀራ

አባቴ ዋና የሚችሉ ሰው ናቸው። ይህ ለባሕር ዳርቻ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኛ አገር ግን ወሬ ነው። የተወለዱት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው እዚያ ሐይቁ ይስባል ይባል ስለነበር ሰው ዳር ዳሩን ይሄዳል እንጂ ውስጡ አይገባም። እሳቸው ከምጽዋ በተመለሱ ሰሞን ልብሳቸውን አውልቀው ገቡና እስከ መካከሉ ዋኝተው ተመለሱ። ሲወጡ ዳር ላይ የነበሩት ሴቶች ልቅሶ ጀምረው ነበር ይባላል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም።

ምጽዋ የሄዱት በሃያ ዓመታቸው ሥራ ፍለጋ ነው። ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነው ሰባት ዓመት ሠሩ። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሚያነሡት ሙቀቱን፣ ዓሣውንና አንድ ባልንጀራቸውን ነበር። ባልንጀራቸው የዚያው የምጽዋ ተወላጅ ነው፤ አንድ ክፍል ቤት ተጋርተው ይኖሩ ነበር፤ ዋናውንም ያስተማራቸው እሱ ነው። ጨዋታው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። “ከዚያ ጦርነቱ ቀረበ፤ እኔም ወጣሁ” ይላሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ከብት ወይም ስለ ዝናብ ያነሣሉ።

እኔ እንጅባራ አስተማሪ ነኝ፤ እሳቸው የሚኖሩት ዳንግላ ነው። ከኤርትራ ጋር መንገድ በተከፈተ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ምሳ በልተን እንደጨረስን፣

“ምጽዋ ልትወስጂኝ ትችያለሽ?” አሉኝ።

በዕድሜዬ ሙሉ አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ጫማ እንኳ ስገዛላቸው “ያለው ምን ሆነና” የሚሉ ሰው ናቸው።

“ምን ሊያደርጉ፣ አባባ?”

“ሰው አለኝ። በሕይወት ካለ ልጠይቀው።”

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄድን። እስከ አስመራ በአውሮፕላን፣ ከአስመራ በኋላ በአውቶቡስ። መንገዱ ከደጋው ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጊንዳዕ ሳንደርስ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ ትንሽ ቆይተው ኮታቸውን፤ ምጽዋ ስንገባ በሸሚዝ ብቻ ነበሩ። እኔ ሹራቤን ማውለቅ ረስቼ ላቤ ሲንቆረቆር “አልነገርኩሽም?” እያሉ ሳቁብኝ።

የወደቡ ከተማ ደሴት ላይ ነው፤ ባሕሩ ላይ በተደለደለ መንገድ ይገባበታል። ትንሽ ነው፤ በእግር ዞረን ለመጨረስ አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ነጫጭ ናቸው፤ ብዙዎቹ በጦርነቱ ተበሳስተው እንደፈረሱ ቀርተዋል። አባቴ መንገድ ሳይጠይቁ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። ይኖሩበት ከነበረው ቤት የቀረው አንድ ግድግዳና አንድ መስኮት ነበር። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ውስጡ ፍየል ተኝታለች።

ከፊት ለፊት ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ አንዲት ወፍራም ሴትዮ በትግርኛ ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። አባቴ በተሰባበረ ትግርኛ ስሙን ጠሩላቸው። ሴትዮዋ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

“እሱን ነው? ጉርጉሱም ነዋ ያለው። እሑድ ከዚያ አይጠፋም።”

“በሕይወት አለ?” አሉ አባቴ።

“ትናንት ተጣልተናል” አሉ ሴትዮዋ።

ጉርጉሱም ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። ያን ቀን እሑድ ስለነበር ሰዉ ከአስመራ በአውቶቡስ እየተጫነ ወርዷል፤ ከእኛም አገር መንገዱ መከፈቱን ሰምተው የመጡ ብዙ ነበሩ። እናቶች ከነቀሚሳቸው ገብተው ውኃው ውስጥ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ወጣቶች አሸዋው ላይ ኳስ ይራገጣሉ። አንድ መኪና በሩን ከፍቶ የትግርኛ ዘፈን ሲለቅ፣ ማዶ ሌላው የአማርኛ ይለቅና ሁለቱም አንድ ላይ ይጮኻሉ። ግመል የያዘ ሰው ፎቶ ተነሡ እያለ ይዞራል። ውኃው ብዙ ርቀት ድረስ ከጉልበት አያልፍም፤ ሰው ግማሽ ባሕር የተሻገረ እስኪመስል በእግሩ ይሄዳል። እኔ ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጸጥ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር፤ የዳንግላ ገበያ ነው የመሰለኝ።

ባልንጀራቸውን ያገኘናቸው ከአንድ ዳስ ሥር ነው። መዋኘት ለማይችሉ ሰዎች የተነፋ የመኪና ጎማ የሚያከራዩ ጥቁር፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን ከውኃው ላይ አያነሡም። አባቴ ፊታቸው ቆሙ።

“ታውቀኛለህ?”

ሽማግሌው ቀና ብለው ብዙ ጊዜ አዩዋቸው። “ድምፅህን አውቀዋለሁ” አሉ። “ፊትህን ግን አላውቀውም።”

“እየው እንግዲህ።”

“ጎጃሜ!” ብለው ተነሡ። “ጎጃሜ፣ አልሞትክም?”

“አንተስ?”

ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ፤ ደግመው ተገጫጩ። ሽማግሌው እኔን ግንባሬን ስመው ጎማ ላይ አስቀመጡኝ። ሻይ መጣ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው ተጠያየቁ። አባቴ ሻዩን አልነኩትም። ድንገት ወሬውን አቋርጠው፣

“ጠብቀኝ ብለኸኝ ሳልጠብቅህ ሄድኩ” አሉ። “ይቅር እንድትለኝ ነው የመጣሁት።”

ያን የማያወሩትን ነገር የሰማሁት እዚያ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጦርነቱ ሲቀርብ ወደ አሰብ ሠራተኛ የሚያወጣ መርከብ ተገኘ። ባልንጀራቸው “ወደብ ላይ ጠብቀኝ፣ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ” ብለዋቸው ሄዱ። አባቴ እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ መርከቡ መሰላሉን ሊያነሣ ሲል ዘለው ገቡ። ባልንጀራቸውን ለሞት ትተው እንደሄዱ ነበር የሚያስቡት።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ። አባቴ እንዳልሳቁ ሲያዩ ተዉት።

“ስማኝ” አሉ። “እኔ የምሄድበት ምን አገር ነበረኝ? እናቴ እዚህ፣ ጀልባዬ እዚህ። ልመጣ አልነበረም። ጠብቀኝ ያልኩህ መርከቡ እንዲያመልጥህ ነው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ። ሆን ብዬ ነው የዘገየሁት።”

የአባቴ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ተናደዱ።

“ሠላሳ ዓመት! ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ስንት ጊዜ የሰገድኩበት!”

“ስገድ ያልኩህ እኔ ነኝ?”

“ጉልበቴ ያለቀው በማን ሆነና!”

አጠገባችን ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞረው አዩን። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ቤቷን አይተሃታል?”

“አየኋት።”

“መርከቡ በሄደ በወሩ ነው የተመታችው። እኔ ዓሣ ላጠምድ ወጥቼ ነበር። አንተ ግን ያን ጊዜ ከሥራ ገብተህ ተኝተህ ነበር የምትገኘው። እኔን ሰምተህ ብትጠብቀኝ ኖሮ ከድንጋዩ ሥር ሬሳህን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ይህን ሳስብ ነው የኖርኩት። እኔስ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?”

አባቴ ተነሥተው ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወደ ውኃው ሄዱ። የተናደዱ ሰው አካሄድ ነበር። ሽማግሌው ጥቂት አዩዋቸውና “ጎማዎቹን እይልኝ፣ ልጄ” ብለውኝ ተከተሏቸው።

ቆሜ ተመለከትኩ። ብዙ መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ውኃው ደረታቸው ሲደርስ አባቴ መዋኘት ጀመሩ። ሲዋኙ አይቻቸው አላውቅም። በመሬት ላይ እግራቸውን የሚጎትቱት ሰው እዚያ ውስጥ ምንም የሚከብዳቸው አይመስሉም። ከዚያ ከዘፈኑና ከልጆቹ ጩኸት አልፈው ሁለት ነጫጭ ራሶች ብቻ ሆኑ። ስጋት ይዞኝ ሦስት ጎማ አከራይቼ የትኛውን ለማን እንደሰጠሁ ጠፋኝ።

ሲመለሱ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ስለ አንድ የድሮ አለቃቸው ይከራከራሉ። እርጥብ እንደሆኑ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣ በላን። ሽማግሌው እኔን በግድ ጎማ ውስጥ አስገብተው እየገፉ ወሰዱኝ። ቀሚሴ ዙሪያዬን ተንሳፈፈ። “እግርሽን ልቀቂው” ይሉኛል፤ እኔ አሸዋውን በእግሬ ጣት ይዤ እምቢ አልኩ። አባቴ ከዳር ሆነው ይስቃሉ። በመጨረሻ ለቀቅኩት። ጨው ዓይኔ ውስጥ ገባ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ሦስት ቀን ቆየን። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች በቀጣይ የሚመጣው ማን ነው በሚል ተጨቃጨቁ። አባቴ “አንተ ደጋ አይተህ አታውቅም፤ ዳንግላ ስትመጣ ጋቢ እሰጥሃለሁ” አሉ። ሽማግሌው “ብርድ ይገድለኛል፤ ይኼን ደግሞ ስትሰግድበት ልትኖር ነው” አሏቸው።

አልመጡም። ለጥቂት ጊዜ በስልክ ይገናኙ ነበር፤ አባቴ ኔትወርክ ፍለጋ አጥሩ ጥግ ቆመው እየጮኹ ያወራሉ፤ ጎረቤት ጠብ ያለ ይመስለዋል። በኋላ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። አባቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ጊዜ ይሞክራሉ። ልጠይቃቸው በሄድኩበት እሑድ፣ ካልተነሣ ስልኩን ለእኔ ይሰጡኝና ምሳ እንዲቀርብ ይጠይቃሉ።