የአስናቀው ግምት

ስለ አስናቀው ልጽፍ ነው። ጽሑፍ ብዙም አልለመድኩም። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደርስ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና ቀረሁ። በአፌ እንዳላወራው ደግሞ ሰው ሰብሰብ ካለ ምላሴ ይያዛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

አስናቀው ልብስ ሰፊ ነው። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዎቻችንን ጎን ለጎን አድርገን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። እሱ የወግዲ ሰው ነው። አጭር ነው፤ መለኪያ ሜትሩን ካንገቱ አያወርደውም፣ ምሳ ሲበላም እንደዚያው ነው። ወሬ ያውቃል። ሱሪያቸው የዘገየባቸው ሰውዬ ሊቆጡ ይመጡና ስቀው፣ ለልጃቸው ሌላ ሱሪ አዘው ይሄዳሉ። እኔ ሥራዬን በቀኑ አደርሳለሁ፤ ግን እኔ ዘንድ የሚስቅ የለም።

ደግ አልነበረም አልልም። ከገጠር አሮጌ መኪና አሸክሜ ስመጣ በረንዳ የሚሰጠኝ ጠፍቶ ነበር። እሱ ነው የራሱን መኪና ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ "እዚህ አስቀምጣት፣ አብሽር" ያለኝ። አርሴናልንም ያስወደደኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ስልኩን ይከፍትና የኳሱን ወሬ ያነብልኛል። እኔ ራሴ ባነበው አንዱን ወሬ ስጨርስ ቀኑ ይመሻል። እሱ ያነባል፣ እኔ እየሰፋሁ አስባለሁ። ከዚያ ያሰብኩትን እነግረዋለሁ። ለሱ ብቻ ሲሆን ምላሴ አይያዝም።

ኳስ የምናየው አህመዲን ቤት ነው። አህመዲን ዲሽ ያስገባ፣ አግዳሚ የደረደረ ሰው ነው። በግራ በኩል የአርሴናል ደጋፊ ይቀመጣል። በቀኝ በኩል ማንቼውም፣ ሊቨርፑሉም፣ ሌላውም በአንድ ላይ ነው፤ እሱን ወገን "ማዶ" እንለዋለን። እረፍት ሲሆን አህመዲን ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ከየወገኑ አንድ ሰው ተነስቶ ግምቱን ይናገራል። ደንብም አለው። የራሱ ቡድን ይወድቃል ብሎ የተናገረ ሰው "ተሻገር" ይባልና የውድድሩ ዓመት እስኪያልቅ ማዶ ይቀመጣል። ለሳቅ የወጣ ደንብ ነው፤ እኔ እስካውቀው ድረስ ማንም ተሻግሮ አያውቅም ነበር።

ከኛ ወገን የሚነሳው አስናቀው ነው። የሚናገረው በረንዳው ላይ እኔ የነገርኩትን ነው። "በግራ በኩል ያለው ልጅ ደክሞታል፣ ከእረፍት በኋላ ይቀየራል" እለዋለሁ ጠዋት። ከሰዓት እሱ ቆሞ ይለዋል፣ ይሆናልም። ጋሽ ንጉሡ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ የኛ አግዳሚ ትልቅ ሰው፣ "ይሄ ሰው ተምሮ ቢሆን የት በደረሰ" ይሉታል። አስናቀው ሲቀመጥ ጉልበቴን ቸብ ያደርገኛል። እመኑኝ፣ አልከፋኝም። ሐሳቤ አፍ አገኘ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት አርሴናል ሲመራ ከረመ። በመጋቢት መጨረሻ ሊድስን አራት ለአንድ ስንረታ ስምንት ነጥብ ቀድመናል። ጾምም ነው፣ ረመዳንም ገብቷል፤ ቤቱ ሁሉ በባዶ ሆዱ ዋንጫ ዋንጫ ይላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ነገር ከብዶኝ ለአስናቀው ነግሬው ነበር። "ያ የኋላው ትልቁ ልጅ ከተጎዳ ወዲህ በሩ ክፍት ነው። ሁለት ካገባን ደግሞ የጨረስን ይመስለናል። ዋንጫውን የሚከተለን ሲቲ ይወስደዋል።" አስናቀው መቀሱን አስቀምጦ አየኝ። "እውነትህን ነው" አለኝ።

እኔ የነገርኩት ለሱ ነበር። እሱ ግን ያን ቀን ተነሳና ለቤቱ በሙሉ ተናገረው። በሩ ክፍት ነው የሚለውን፣ ሁለት ካገባን የሚለውን፣ ሲቲ ይወስደዋል የሚለውን፣ ቃል ሳያጎድል።

ከዚያ ከኛ አግዳሚ አንዱ "ምን አልክ?" አለ።

ማዶ ያለው ሞላ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ማንቼ ነው፣ አፉ አያርፍም፣ "አቦ ኑ ወዲህ! ቦታ አለን" አለ እያጨበጨበ።

"አስናቀው፣ ይህን ያልከው አንተ ነህ?" አሉ ጋሽ ንጉሡ። አልሳቁም።

የኛ ሰዎች "ይሻገር፣ ይሻገር" ማለት ጀመሩ። አስናቀው ወደ ታች አየኝ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ካልቀለደ ማን ይቀልዳል።

"ኧረ እኔ አይደለሁም ጋሼ" አለ። "የቢያድግልኝ ነገር ነው። ሲያሟርት ሰንብቶ ነው። እኔ እንድትሰሙት ብዬ ነው የነገርኳችሁ።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ስቀመጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያዩኝ የመጀመሪያዬ ነበር። "ግምት ሁሉ የኔ ነው፣ ከዛሬ በፊት ያጨበጨባችሁለትም" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እ..." ብቻ ነው። ሰው ሳቀ።

"እንግዲህ ደንብ ነው ቢያድግ" አሉ ጋሽ ንጉሡ፣ ቀስ ብለው።

ጋቢዬን ሰብስቤ ተሻገርኩ። አስናቀው እግሩን አጠፍ አድርጎ አሳለፈኝ።

ሰኞ በረንዳው ላይ "ለቀልድ እኮ ነው፣ አትቀየም" አለኝ። "አልተቀየምኩም" አልኩት። የፋሲካና የኢድ ልብስ ተደራርቦብን ነበር፤ ሁለታችንም አቀርቅረን ሰፋን። ሲያነብልኝ ሰማሁት እንጂ ያሰብኩትን አልነገርኩትም።

የሆሳዕና ለት ከሊቨርፑል ጋር ነበር። ማዶ በሞላና በአንድ ሊቨርፑል መሐል ተቀምጫለሁ። ሁለት ለዜሮ መራን። እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ አድርጌ ነው ያጨበጨብኩት። አፍጥር ደርሶ አህመዲን ለሁሉም ተምር አዞረ፤ ለእኔ ሁለት ሰጠኝና "አብሽር" አለኝ። ሁለት ለአንድ ሆነ። ሊያልቅ ሲል ሁለት ለሁለት። በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ዘሎ ተነሳ፣ የጎኔ ሰው አንገቴን አቀፈኝ። ሐዘንተኛ በሰርግ ቤት እንዲህ ነው። ከመካከል ያለውን መተላለፊያ አሻግሬ አስናቀውን አየሁት፤ ራሱን ይዟል። እኔም እዚያ ሆኜ ራሴን ብይዝ እወድ ነበር።

በሳምንቱ ፋሲካ ሆነ። ዶሯችንን በልተን፣ ከሰዓት በአሥር ሰዓት አህመዲን ቤት ገባን፤ አህመዲን ራሱ ጾመኛ ነው። ከዌስትሃም ጋር ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ለዜሮ መራን። ማንም ወደኔ አላየም፤ እኔ ግን ያልኩትን አስታወስኩ። ከዚያ አንድ ገባብን። ከእረፍት መልስ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተን ወደ ውጭ ሰደድናት። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ለሁለት።

ሲያልቅ የኛ ወገን እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ቀረ። የኔ ነገር አሁን ይነሳል ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ተመለስ የሚሉኝ መስሎኝ ጫማዬን አስተካከልኩ።

የተነሳው አስናቀው ነው።

"አላልኳችሁም?" አለ። "በሩ ክፍት ነው አላልኳችሁም? ሁለት ካገባን የጨረስን ይመስለናል አላልኩም?"

"ብለሃል" አለ አንዱ።

"ብሏል፣ ብሏል" አሉ ጋሽ ንጉሡ። "እኛ ነን ያልሰማነው።"

ሞላ ወደኔ ዞረ። "አያ ቢያድግ፣ ያ ያንተ ነው ብሎ አልነበር እንዴ የተሻገርከው?"

አስናቀውም ሰምቶታል። መለኪያ ሜትሩን ይዞ ጎተት ጎተት አደረገው፤ በፋሲካም አንገቱ ላይ ነበር። "እሱ ሲቲ ይወስዳል ነው ያለው" አለ። "ምክንያቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደኔ ሳያይ ወጣ።

ማክሰኞ ሥራ ገባን። ስልኩን ከፍቶ አነበበልኝ፣ እንደ ድሮው። የሲቲ ጨዋታ ቀርቧል። አንብቦ ሲጨርስ ዝቅ ብሎ "እና ለሲቲው ምን ትላለህ?" አለኝ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ምንም እንዳልሆነ።

የማስበውን አውቀው ነበር። በሰፊው እንደምንሸነፍ አውቅ ነበር። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሳስገባ ጊዜ ወሰድኩ።

"እናሸንፋለን" አልኩት።

"እርግጠኛ ነህ? ያ ልጅ ሳይኖርም?"

"ሁለት ለአንድ። ጻፈው።"

እኔ ለአስናቀው ውሸት ነግሬው አላውቅም ነበር። አመነኝ። ጥርጣሬ እንኳ ፊቱ ላይ አላየሁም፤ እስካሁን የሚያስቸግረኝ ማመኑ ነው።

ጨዋታውን አላየሁም፤ ቤቴ ቀረሁ። አራት ለአንድ ተሸነፍን። ጠዋት ወደ በረንዳው ስመጣ ሞላ ባጃጁን አቁሞ አስናቀውን ይዞታል። ማታ ጨዋታው ሳይጀመር ቆሞ የተናገረውን አንድ በአንድ እየደገመ ይስቅበታል። "ሁለት ለአንድ፣ ብዕር ያለው ይጻፍ ብሎን ነበር እኮ። ምክንያቱን የሚያውቀው አስናቀው!"

አስናቀው ወደኔ አየ። የቢያድግልኝ ነው ሊል እንደፈለገ አወቅሁ። ግን የፋሲካ ለት በሁሉም ፊት ምክንያቱ የራሱ ነው ብሏል፤ አሁን ማን ይሰማዋል? ሞላ እስኪሄድ ጨርቁን አገላበጠ።

"ታውቅ ነበር" አለኝ።

መኪናዬን ረገጥኩ።

"ቢያድግ፣ ታውቅ ነበር አይደል? ከዳኸኝ እኮ።"

ያን ቃል እኔ ልለው ከሆሳዕና በፊት ጀምሮ በሆዴ ይዤው ነበር። እሱ ቀድሞኝ አለው። ፊቱ ደግሞ የእውነት የተከዳ ሰው ፊት ነበር። አርሴናልም ተሸንፏል፣ እኔም ዋሽቻለሁ፣ ደስ ያለኝ ነገር አልነበረም።

አሁንም በአንድ በረንዳ ነን። እንደምን አደርክ እንባባላለን። እሱ ስልኩን ለራሱ ያነባል። እኔ አህመዲን በር ላይ የተለጠፈውን የጨዋታ ዝርዝር ቆሜ ፊደል በፊደል አነባለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል። አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር አህመዲን "ቅጣትህ አልቋል፣ ወደ ቦታህ ተመለስ" አለኝ። ጋሽ ንጉሡም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አስናቀው ጎን ነበር። እዚሁ ይመቸኛል አልኩ።

እረፍት ላይ ድምፁ ሲቀነስ አስናቀው ይነሳል፤ የሚለው ሲያጥረው ማዶ በዓይኑ ይፈልገኛል። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ማስታወቂያውን አያለሁ። አርሴናል ሲያገባ እዚያው ማዶ ተቀምጬ፣ ጋቢዬ ውስጥ አጨበጭባለሁ።