አማቴን የጣልኩበት ኮረብታ

ቀልድ እወዳለሁ። ከአማት ጋር መቀለድ ጅልነት መሆኑን የተማርኩት ግን ጸጉሬ ሸበት ካለ በኋላ ነው። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እስካሁን የሴት ጫማ ብቻውን ተቀምጦ ካየሁ ባለቤቷ የት እንዳለች ሳላይ አላልፍም።

አማቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁን መጥተው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ እኛ ጋ ከርመው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሚስቴ ሥራ ስትገባ «እማማን ወጣ አድርጋቸው» አለችኝ። በታክሲዬ ይዣቸው ወንዝ ዳር ወዳለች ትንሽ ኮረብታ ሄድኩ። አናቷ ላይ የፈራረሰ የድሮ ምሽግ አለ።

ሽቅብ ስንወጣ ግንቡን አይተው፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ።

«የጥንት ገዳም ነው፣ እማማ።»

እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ። መድፍ የተተከለበት ቦታ ነው የሚል የእንግሊዝኛ ሰሌዳ አጠገቤ ቆሟል እኮ! እሳቸው አማተቡ።

ላይ ስንደርስ ግንቡን ሊዞሩ ሄዱ። እኔ ቦርጬን ይዤ ሣሩ ላይ ጋደም አልኩ። ሌሊቱን ስነዳ ስላደርኩ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ።

ስነቃ የሉም። ተጣራሁ። ግንቡን ስዞር፣ በወንዙ በኩል፣ አፋፉ ላይ ጥቁር ጫማቸው ጎን ለጎን ተቀምጧል። እሳቸው ግን የሉም።

ወደ ጫፉ ጠጋ አልኩ። ቁልቁል ሳይ ውሃው ደፍርሶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዋና አይችሉ! ለሚስቴ ምን ልበላት? «እናትሽን ወጣ ላድርጋቸው ብዬ...» ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አቃተኝ።

ሥር እየጨበጥኩ፣ በቂጤ እየተንሸራተትኩ፣ «እማማ! እማማ!» እያልኩ ወረድኩ። ውሻ ይዞ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ ሮጦ መጣ። «ማዘር! ማዘር!» ብዬ ከላይ አፋፉ ላይ ያለውን ጫማ አሳየሁት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ምንም ሳይጠይቀኝ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባ። ይሄኔ አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ።

ድንገት ከላይ፣ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አማቴ ባዶ እግራቸውን ቆመዋል! ለካ ከጫማው ጀርባ ግንቡ ላይ ሐረግ የሸፈነው በር አለ። ገዳም ነው ስላልኳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ሲጸልዩ ነበር። ያ ደግ ሰውዬ እስከ ወገቡ በስብሶ ቆሞ ያየናል።

አሁን ወሬው ሲነሳ ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

የዚያን ቀን ስንመለስ መኪና ውስጥ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ምንም አልመሰላቸውም። «ያን ሁሉ ስጮህ ግን አልሰሙኝም?» አልኳቸው።

«ሰምቼሃለሁ እንጂ። ለቤተሰቡ በየስማችሁ ስጸልይ ቆይቼ ገና አንተ ጋ መድረሴ ነበር። ያንተ ደግሞ ቶሎ አያልቅም» አሉኝ።