አማቱ የተቀመጡበት ምት

ሰፈርተኛው ጆሬ ይለዋል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጠግናል፤ ደንበኛ ቤት ሲገባ ከሰላምታ ቀጥሎ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላው ጠጋኝ መፍቻ ሲያወጣ እሱ ስልኩን ያወጣል። የታመመውን ማሽን ድምፅ ሳይቀዳ ብሎን አይነካም። ሰዎቹ ለምርመራ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን አልበም እየሠራ ነው።

ዘፋኝ የለውም። ከየቤቱ የለቀመውን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ይቆራርጠዋል፣ ይደጋግመዋል፣ ይደራርበዋል፤ ከሥሩ ደረት የሚደልቅ ከባድ የዳንስ ምት ያስገባበታል። የሚያቃስት ፓምፕ፣ የልብስ ሰፊዋ ሚስቱ መቀስ፣ የጎረቤት በር፣ የአንድ ጡረተኛ ዳኛ ማስነጠስ፣ ሁሉም እዚያ ገብተው ይጨፍራሉ። ዓመታት ለፍቶበታል። ከሚስቱ በቀር የሰማው የለም፤ እሷም የምትሰማው እየሰፋች ስለሆነ የቱ አልበሙ፣ የቱ የስፌት መኪናዋ እንደሆነ አትለይም።

በመጨረሻ አንዲት የዳንስ አስተማሪ፣ ማሽኗን ሊሠራላት በሄደበት፣ ነገሩን አወጣጣችው።

«ቅዳሜ ከሰዓት አምጣው» አለችው። «ተማሪዎቼ ከጨፈሩበት ጥሩ፤ ካልጨፈሩበት ደግሞ ቁርጥህን አውቀህ ታርፋለህ።»

ጆሬ ደስታው ሳይበርድ አንድ ጉድለት ትዝ አለው። የአልበሙ የመጨረሻ ሙዚቃ ምት የለውም። ምቱ መሆን የነበረበት አብረዋቸው የሚኖሩት የአማቱ ማሽን ነው። ያ ማሽን ልብስ ሲጨምቅ ዱም ታካ ዱም እያለ ግድግዳ ሲያንቀጠቅጥ ኖሯል። እሳቸው «የሰው ማሽን ይጠግናል፣ የእኔን ያዳምጣል» እያሉ ሲነዘንዙት ሰሞኑን እጅ ሰጥቶ ጠገነው። ድምፁን ቀድቶ ነበር፤ ሲጠግን ግን ስልኩ ባልዲ ውስጥ ወደቀና ቅጂውን ውሃ በላው። ማሽኑ አሁን ትንፍሽ አይልም። ጆሬ በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ የጠገነው ነገር የለም።

አንድ ተስፋ ቀርቶታል። በሙያው ደንብ ከማሽን የወጣ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሲያንኳኳ የኖረውን ያለቀ ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልሎ ለአማቱ አስረክቧቸዋል። እሳቸውም የመኝታ ቤታቸውን በር ነፋስ እንዳይዘጋው አስደግፈውበታል።

«እማማ፣ ያንን ኩሽኔታ ቢሰጡኝ» አላቸው በሩ ላይ ቆሞ።

«ለምንህ?»

«መልሼ ልገጥመው።»

«ምን ላይ?»

«ማሽንዎ ላይ።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማ አንተ ልጅ፣ ደህናውን ማሽን ልታሳምምልኝ ነው?»

«ቀድቼው ወዲያው አወጣዋለሁ።»

«በሬስ በምን ይቁም?»

«እኔ ቆሜ እይዘዋለሁ።»

«ልጄን ለጤነኛ የዳርኩ መስሎኝ ነበር» አሉ አማቱ።

አልበሙን ካልሰሙ ነገሩ አይገባቸውም። ከሰሙ ደግሞ ጉድ ይፈላል፤ ሦስተኛው ሙዚቃ ውስጥ ራሳቸው አሉበት። አንድ ቀን ሲቆጡት የቀዳትን «ኧረ ተው» እየደጋገመ ሙሉ ሙዚቃ አድርጓታል። ኮምፒውተሩን አምጥቶ ከፈተላቸው።

ኧረ ተው። ኧረ ኧረ ኧረ ተው። ተው ተው ተው ተው።

አማቱ እስኪያልቅ ፊታቸውን ሳይቀይሩ ሰሙ።

«ይህቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ እኮ አንድም ቀን ሰምተኸኝ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር» አሉና ኩሽኔታውን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። በሩም ወዲያው አፍንጫው ላይ ተዘጋ።

ጆሬ ኩሽኔታውን ገጠመ፣ ማሽኑን አንሶላ ሞላበት፣ የሚስቱን ስልክ ተውሶ ለመቅዳት ተዘጋጀ። ማሽኑ ተንቀጠቀጠ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣና ኮሪደሩን ይዞ መሄድ ጀመረ። ድምፁ ግን ያኛው አልሆነም። ቀልሏል፣ ይቅበዘበዛል። ጆሬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

ሚስቱ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ብቅ አለች። ማሽኑን አሳለፈችውና «እማዬ አልተቀመጠችበትማ» አለችው።

እውነቷን ነው። አማቱ ማሽኑ እንዳይሄድባቸው፣ በጨመቀ ቁጥር ላዩ ላይ ሲቀመጡ ነው የኖሩት። ከተጠገነ ወዲህ ነው ወንበር የለመዱት።

ሲጠሯቸው ጋዜጣቸውን ይዘው መጡ። «ወንበሩም ቢሆን አልተመቸኝም» እያሉ ማሽኑ ላይ ወጡና ጋዜጣውን ዘረጉ። ዱም ታካ ዱም። የግድግዳው ሰዓት ወደቀ። ጆሬ እንባው እየወረደ ቀዳ።

ቅዳሜ የዳንስ ክፍሉ ሞላ፤ አማቱም ጥግ ላይ ወንበር ተሰጣቸው። ተማሪዎቹ በፓምፑ ተሳሳቁ። ዳኛው ሲያስነጥስ አንዳንዱ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። «ኧረ ተው» ሲመጣ ሁሉም የታዘዘ ይመስል ዘለለ። ሌሎቹም በጭፈራ አለፉ። የመጨረሻው ግን ምቱ ከበዳቸውና ቀጥ ብለው ቆሙ።

ያኔ አማቱ ከልማዳቸው የተነሳ ወንበሩ ላይ መንቀጥቀጥ ያዙ። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቦርሳቸው ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ተማሪዎቹ ዳንሱ እንዲህ ነው ብለው ወንበር ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና አብረው ተንቀጠቀጡ። አስተማሪዋ ወንበር ስላልደረሳት የጆሬ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጆሬ የአማቱን ቦርሳ ይዞላቸው ነበር።

«ማሽኑን ነገ እጠግንልዎታለሁ፣ እማማ።»

«ኧረ ተው» አሉት።

ተወ።