የጆንያው ገበር

ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ የልብስ ጥገና ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ በእጄ ሥራ ላይ ክፉ የተናገረ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። ዝርክርክ ስፌት ካየሁ እጄን ይበላኛል፤ ማንም ሳይጠይቀኝ አስተካክላለሁ። ያለፈው ዓመት ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ አንዲት ፍልስጤማዊት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ሱቄ ገቡ። በትራስ ልብስ ጠቅልለው የያዙት የእናታቸውን ቀሚስ ነበር። ጨርቁ ጥቁር ነው፤ ደረቱና ጎኑ ግን የጨርቁ ክር እየተቆጠረ በተሠራ ቀይ የመስቀለኛ ጥልፍ ተሞልቷል። ጥልፍ አውቃለሁ የምለው ሴትዮ ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጃቸው፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት፣ ታሪኩን ነገረችኝ። አያቷ ቀሚሱን የጠለፉት ለሠርጋቸው ነው። ያኔ የሴት አገሯ በቀሚሷ ጥለት ይታወቅ ነበር፤ ይህም የመንደራቸው ጥለት ነው። መንደሩ ዛሬ የለም። ሕዝቡ ተባሮ ሲወጣ አያቷ ቀሚሱን እንደለበሱ ወጡ። የከተማችን ፍልስጤማውያን ያንን መፈናቀል ለማሰብ በየዓመቱ ሜይ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቀሚሱም ለዚያ ቀን ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ነው።

"ብብቱ ብቻ ነው የተተረተረው። ሌላውን አትንኪው" አለችኝ።

ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

በማግስቱ ቀሚሱን ገልብጬ ስዘረጋው፣ ከደረቱ ጥልፍ ጀርባ ያለው ገበር የዱቄት ጆንያ ሆኖ አገኘሁት። ሻካራ ነው፣ ወይቧል፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ጽሑፍ አለበት፣ ስፌቱም ዝርክርክ ነው። እንዲህ ያለ ጥልፍ ጆንያ ተለጥፎበት! በማን እንደተናደድኩ እንጃ፣ ብቻ ተናደድኩ። ጆንያውን ተርትሬ ከቁርጥራጩ ጋር ጣልኩት። ለገዛ ልጄ ቀሚስ ያስቀመጥኩትን ጥቁር ሳቲን አውጥቼ በእጄ ገበር አደረግሁለት። ሲያዩት ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሊወስዱ ሲመጡ አሮጊቷ ብብቱን አላዩም። መጀመሪያ ያደረጉት ቀሚሱን መገልበጥ ነው። ሳቲኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና በአረብኛ አንድ ነገር አሉ። የልጃቸው ፊት ተለዋወጠ።

"እዚህ የነበረው የት አለ?"

"ጆንያው? አርጅቶ ነበር፤ ጣልኩት።"

እኔና እሷ በጓሮ በር ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሮጥን። መኪናው ጠዋት አንስቶታል። ባዶ መሆኑን እያየሁ አንገቴን አስግጌ ፈለግሁ።

እዚያው ቆመን ነው የቀረውን የነገረችኝ። እናቷ የተወለዱት ስደተኞች ሰፈር፣ ድንኳን ውስጥ ነው። አያቷ የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ጆንያ አጥበው ለልጃቸው ልብስ ይሰፉበት ነበር። የተረፈውን ደግሞ ጥልፉ እንዳይበላ ከጀርባው ደገፉበት። አሮጊቷ ቀስ ብለው ደረሱብንና እንዲህ አሉኝ፦ "ጥልፍ ያለው ቀሚስ ሌሎችም አላቸው። ጆንያው ግን የእኔ ነበር።" ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። "ማሚ፣ ኋይ ዲድንት ዩ ጀስት አስክ?" አለችኝ። ለምን አልጠየቅኩም? ራሴን የጠየቅሁትም እሱኑ ነበር።

በሳምንቱ አሮጊቷ ብቻቸውን መጡ። ሁለታችንም እንግሊዝኛችን ሰባራ ነው፤ ግን ተግባባን። ከግሮሰሪ ለምኜ ያመጣሁትን ጆንያ አወጣሁና ልስፋልዎት አልኳቸው። በእጃቸው ገፉት።

"አንቺ በቅርብ አይተሽዋል። ምን ይመስል እንደነበር ንገሪኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስፌቱ ከግራ ትከሻ ይጀምራል። መርፌው ወፍራም ነበር፤ ቀዳዳው ይታያል። ታች ጥጉ ላይ ነጩ ክር አልቆ፣ የመጨረሻዋ አንድ ጣት የምታክል ስፌት በቀዩ የጥልፍ ክር ነው የተቋጨችው። ይህን ስል አሮጊቷ አስቆሙኝ። "ለእናቴ ከሠርጓ ክር ተርፏት ነበር ማለት ነው" አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ሲወጡ "በዚያ ቀን ትመጫለሽ፤ ቀሚሱ አጠገብ ትቆሚያለሽ" ብለውኝ ሄዱ።

ሄድኩ። ቀሚሱ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ልጃቸው የጻፈችው ወረቀት አለ። የመንደሩ ስም፣ የሠርጉ ነገር፣ የድንኳኑ ነገር ሁሉ አለበት። የመጨረሻውን መስመር አሮጊቷ ካልተጻፈ ብለው ግድ ያስገቡት ነው፦ ገበሩ የዱቄት ጆንያ ነበር፤ ኮሎምበስ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ቆሻሻ መስሏት ጣለችው።

አንብቤ ክው አልኩ። ሹልክ ብዬ ልወጣ ቦርሳዬን አነሳሁ። በዚህ መሃል ልጆቹን አስከትሎ የመጣ አንድ ሰውዬ ወረቀቱን እስከ መጨረሻ አነበበና "ለመሆኑ ይህቺ ልብስ ሰፊ ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ። አሮጊቷ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ቀሚሱን ገለበጥኩና ስፌቱ ከየት ይጀምር እንደነበር በጣቴ አሳየሁት።