በዓሣ ማራገፊያው ግንብ ላይ የተለጠፈው ፊት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ በኋላ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ጀልባችን በዚያ አረም ተይዞ ግማሽ ቀን ስንገፋ መዋላችን ትዝ ይለኛል። ሌላው ተደበላልቆብኛል። ቅፍፍ ያለኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እኔ የተማርሁት ጥቂት ነው፤ አራተኛ ክፍል ደርሼ ቀረሁ። መጀመሪያ ባሕር ዳርና መራዊ ሠርግ እየዞርሁ እቀርጽ ነበር። ኋላ የራሴን ፊልም መድረስና ማዘጋጀት ጀመርሁ። ድርሰቱን በልቤ አውጥቼ አውርጄ ሲያልቅልኝ ነው ወረቀት የማነሣው። ተዋናዮቼም የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። ቃል አላስጠናቸውም፤ ነገሩን እነግራቸዋለሁ፣ እነሱ በራሳቸው አፍ ይናገሩታል።

በዚያ ፊልም አባት ሆኖ የሠራልኝ አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ እኩያዬ ነው። "ካሜራውን አትየው" ስለው፣ "እሱ አፍጥጦ እያየኝ እኔ እንዴት ዝም ልበለው? ነውር አይደለም?" ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል ሳይቀረጽ ሞተ። አልታመመም፤ ጧት መረቡን ሊያነሳ ወጥቶ ጓደኞቹ አስከሬኑን ይዘው ተመለሱ። በድርሰቱም አባትየው መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ የቀረን እሱን መቅበር ነበር።

ለፊልሙ ገንዘብ ያወጣው ነጋዴ ለቅሶው ድንኳን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከቀብር መልስ የሚበላውን ንፍሮ ቀድሞ እያኘከ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ እግዜር ራሱ አዘጋጀልን። ሕዝቡ አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ ሚስትየዋም እንዴት እንደምታለቅስ ያዩዋታል። ካሜራውን ያስመጡት እንጂ።"

"ተው ልጄ፣ ሰው እየቀበርን ነው።"

"በድርሰትዎስ ይሞት የለ እንዴ? ሌላ ቀን ይህን ሁሉ አልቃሽ ማን ሊሰበስብልን ነው?"

ጉንጩ በንፍሮ እንደተሞላ ነው ይህን ያለኝ። ተነሥቼ ከሳጥኑ ተሸካሚዎች ጋር ተሰለፍሁ። እሱ ሌላ ካሜራ ያዥ አምጥቶ ኖሯል። እኔ ከሳጥኑ ሥር ነበርሁ፣ አላየሁም።

ፊልሙ በውላችን የሱ ነበርና እኔን ትቶ ቀጠለበት። ሲታይ አዳራሽ ገብቼ ተቀመጥሁ። የሟቹ ሚስት ደረቷን እየደቃች ስትወድቅ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላዬ አንዱ፣ "አቤት ትወና! ይቺ የት ተምራ ነው?" አለ። ጓደኛው፣ "ዝም በል፣ ይልቅ ሶፍቱን አቀብለኝ" አለው። ወጥቼ ዛፍ ሥር ተፋሁ፤ ምራቄ ግን አላልቅ አለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የሟቹ ተዝካር ሳይደርስ ማስታወቂያውን በየግንቡ ለጠፉት፣ በዓሣ ማራገፊያው ጭምር። ሚስትየዋ ደግሞ ዓሣ እየበለተች የምትሸጠው እዚያው ነው። ፊቷ በር አክሎ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ከላዩ ላይ "ሶፍት ይዘው ይምጡ" ተብሎ ተጽፎበታል። የዓሣው አንጀት የሚጣለው ከሥሩ ነበርና ዝንቡ በአፏ ላይ ይርመሰመሳል። የኔም ስም ከታች አለበት።

ለቅሶዬን ሸጠብኝ ብላ ካመነች እዚያ ዳርቻ ለኔ አፉን የሚከፍት ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። እሱስ ይቅር፤ በምን ዓይኔ ነው ሰላም የምላት?

ወረቀቱን በጥፍሬ መፋቅ ጀመርሁ። ሙጫው ከዓሣ ቅባት ጋር ተለውሶ በጣቶቼ መካከል ይዝለገለጋል። እንዲህ ስታገል ከኋላዬ መጣች። ቅርፊት የምታነሣበትን ቢላዋ ይዛለች። ስድቡን ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ።

"ጋሼ፣ በጥፍር አይለቅም" ብላ ቢላዋዋን አቀበለችኝ።

"እኔ እኮ፣ በእመብርሃን..."

"አይማሉ። ጎረቤቶቼ ፊልሙን በስልክ አሳይተውኛል። እርስዎም አሉበት፤ ሳጥኑን ከፊት ተሸክመው፣ ነጠላዎ መሬት እየተጎተተ። የሚቀርጽ ሰው ያንን ይሸከማል እንዴ?"

ቢላዋውን መልሳ ወስዳ የገዛ ፊቷን ከግንቡ ትፍቅ ጀመር፤ እኔም ውኃ እያመጣሁ አፈሰስሁበት። ዓሣ ገዢዎቹ ቆመው ያያሉ። አንዷን "ምን ያስቆምሻል? ሶፍት የለኝም!" አለቻት።

ስንጨርስ፣ "ባሌ በደኅናው ጊዜ የተነሳውስ የለዎትም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ነበረኝ። ነጋዴው አያስፈልግም ብሎ የተወው ቀረጻ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ለተዝካሩ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቴሌቪዥኔን ቤቷ ወስጄ አሳየኋት። ባሏ መረብ እየጠገነ ካሜራውን ይቆጣል፣ ስለ ዓሣው ይዋሻል፣ ይስቃል። አፏን በነጠላዋ ይዛ አየችውና፣ "ይሄ ሰውዬ! እቤት ሲገባ ድዳ ነው፣ ለካ እዚህ ነው የሚለፈልፈው!" አለች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን አየኋት። ስትሸኘኝም፣ "እንዲህ እንዲህ ያለውን ያንሡ እንጂ፣ አይተውት" አለችኝ።

ያ ነጋዴ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ይጨብጠኛል። እጄን እሰጠዋለሁ፤ ቤቴ ስገባ እታጠባለሁ። የሰው እንባ የሚመሰገንበት ፊልም ሲከፈትም ተነሥቼ እወጣለሁ። ሥራዬን ግን አልተውሁም። ማን ያዘህ ቢሉኝ፣ የዚያ ዓሣ አስጋሪ ሚስት ናት።