የልብስ ሰፊዋ ምሳ

የጃኬቴን ዚፕ ላስቀይር የገባሁበት ልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። ሜትሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ደረታቸው ላይ ስፒሎ ሰክተው ይሰፋሉ። ጥግ ላይ ልጃቸው ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች።

«አታግዝዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሥራ ላይ ናት፣ የኔ ልጅ። እኔም መጀመሪያ የምትጫወት ነበር የሚመስለኝ። እኛ ሥራ የምንለው ወገብ የሚያጎብጠውን ነው፤ እሷን አርግዤ ምጥ እስኪይዘኝ ድረስ ፔዳል ረግጫለሁ። እሷ ግን ስድስት ሰዓት ሲሞላ ዘግታው ትነሳለች።»

እንዳሉትም ስድስት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ተነሥታ እጇን የስፌት መኪናው ላይ አሳረፈች። «እማዬ፣ ይብቃሽ። ዛሬ ምሳ ውጭ ነው የምንበላው ብለሽ ቃል ገብተሻል።»

ሴትዮዋ ግማሹ የተሰፋውን ዚፕ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ጀምረው መተው እንዳለመዱ ፊታቸው ያስታውቃል።

«ነገ ብትመጣ ቅር ይልሃል?»

«ኧረ ምንም አይለኝም፣ እናቴ።»

እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። በሩን ቆልፈው ሁለት ጊዜ እየተመለሱ ገፋ ገፋ አድርገው አዩት፤ በእኩለ ቀን ዘግተውት አያውቁም ነበር። የልጃቸውን ክንድ ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ፣ ከክፍል እንደፎረፈ ተማሪ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ይስቁ ነበር።