በጣቶቼ መሀል

መካ፣ ካዕባን ስዞር፣ ጠዋፍ ላይ ነው የጀመረኝ። በግራ ዓይኔ ጥግ ጥቁር ነገር ተንጠለጠለ። የጎኔ ሴትዮ የደረበችው ጥቁር ዐባያ መስሎኝ በክርኔ ገፋ ገፋ ሳደርጋት ተቆጥታ ሄደች። ጥቁሩ ግን አልሄደም።

ለልጄ አልነገርኳትም። ከወሎ አስመጥታ ጅዳ፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር ከተከራየችው ቤት ያኖረችኝ እሷ ናት። ካሳልኩ እንኳ «ያላ፣ ሐኪም ቤት» ነው። ደግሞ ለሌላ ዑምራ መካ ልትወስደኝ ቃል ገብታልኛለች፤ ታማለች ከተባልኩ ኸላስ፣ ቀረ። ብደብቀውም መቀመጥ አቃተኝ። አንዴ መስኮቱን አንዴ በሩን እያየሁ ቤቱን ስዞር፣ «እማ፣ እዚህም ጠዋፍ ጀመርሽ?» ትለኛለች።

በኋላ ሻዩን ከብርጭቆው ውጪ ስቀዳው ያዘችኝና ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

እንደኔ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግድግዳው ላይ ሹካ የመሰለ ነገር አለ፤ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ነው። ከፊቴ የነበሩት አሮጊት ሲያሳዩ ሸመደድኩት፤ ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች። ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑ ስባልም በጣቶቼ መሀል አጮለቅሁ። አንድም አልሳትኩ።

ሐኪሟ ያገሬ ልጅ ናት፤ ሳቀችብኝ። «እናቴ፣ ጣትዎን ይግጠሙ» ብላ ሰሌዳውን ቀየረችው። ያኔ ሹካውም ግድግዳውም ጠፋ።

ጠብታ አድርጋ ስታየኝ ግን ሳቋ ቆመ። «ዕጢ እንዳይሆን» አለች።

«ዕጢ ከሆነስ?» አለች ልጄ።

«ዓይኑን እስከማውጣት ያደርሳል።»

እኔ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በግድ አስተኝተው የዓይኔ ቆብ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው በመሣሪያ አዩኝ።

«ደም ነው» አለች ሐኪሟ። «ዕጢ መስሎ የሚያሳስት፣ በእርጅና ከዓይን ጀርባ ጥግ ላይ የሚፈስ። ብዙ አይገጥመንም። መርፌ እንጀምርልዎታለን፤ ጥቁሩ ከሰፋ ግን በዚያው ቀን ይምጡ።»

«ዑምራዬስ?»

«ደሙ ከቆመ ይሄዳሉ።»

አሁን በየጠዋቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትፈትነኛለች። ሁልጊዜ የምታወጣው ሦስት ጣት ነው። ማወቄን አታውቅም።

«ጣትሽን ግጠሚ፣ እማ።»

«ገጠምኩ።»

«ስንት ነው?»

ዛሬ አንደኛው ጣቷ ጥቁሩ ውስጥ ገብቷል። ሦስት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለዑምራው የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

«ሁለት» አልኳት።

«ያላ» ብላ ዐባያዬን ከመስቀያው አወረደችልኝ።